ከእማዬ ቁምሳጥን ጀርባ የወጣው «ይቅር»

ውድ እህቴ እታለም፣

ለማንም ነግሬው የማላውቅ ነገር አለ። ሰላምታዬን ሳላስቀድም እሱን ልጻፍልሽ፤ አለዚያ እንደ ልማዴ ሰላምታው ውስጥ ተሸሽጌ እቀራለሁ። የዛሬ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ለእማዬ የላክሽውን ደብዳቤ ያነበብኩላት እኔ ነበርኩ። እማዬ «አንባቢዬ» እያለች በየጎረቤቱ ታሞግሰኝ ነበር። እኔ ግን ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ባለቤቴ እንኳ ሃያ ስድስት ዓመት አብሮኝ ኖሮ፣ ሳልችል እንዳነበብኩላት ሳያውቅ ነው የሞተው።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል? እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽ ደረጃውን ትወጣልሻለች ወይስ አሁንም መሐል ላይ ቆመሽ «ቆይ ትንሽ ልተንፍስ» እያልሽ ነው? እንቅልፍሽስ ተመለሰ? ዓይንሽስ እንዴት ሆነ? የጭነት መኪናው ሹፌር ባለፈው ሲመለስ፣ አሁን ሰውን የምትለዪው በድምፁ ብቻ እንደሆነ፣ እሱንም በሳሉ አውቀሽ «ያንን ሲጋራ ዛሬም አልተውከውም?» እንዳልሽው ነገረኝ። ሳቅሁ። ደብዳቤ የምታነብልሽ ልጅሽ እንደሆነችም ያወራኝ እሱ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤን ይቆረጥመኛል፣ አንድ ጥርስ ጎድሎኛል፣ ሌላው ሁሉ በየቦታው ነው። እስከ ዛሬ የላክሁልሽ ደብዳቤ ሁሉ ከዚህ አያልፍም ነበር፤ ደህና ነኝ፣ ደህና ሁኚ። የዛሬው ረዘም ይላልና ትራስ ደገፍ ብለሽ ስሚኝ።

ነገሩ የጀመረው ከማገዶ ነው። ጓሮዬ ያለውን የማገዶ ቤት ባለቤቴ «በሚቀጥለው በጋ አድሰዋለሁ» እያለ ስድስት በጋ አሳልፎበታል። ዘንድሮ ዝናቡ ሲበረታ ቤቱ እንደ ደከመ በሬ ተንበረከከና እንጨቱ ሁሉ ረጠበ። እርጥብ እንጨት ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ሁለት ወር ሙሉ ዓይኔ ቀልቶ ሰነበተ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ጠዋት ጠዋት ትገባና «ዛሬም አልቅሰሻል?» ትለኛለች። «ጭሱ ነው» እላታለሁ። «ይሄ ጭስ የኔንም ቤት ያዳርሳል እኮ፤ አንቺን ብቻ ለይቶ የሚያስለቅስሽ ምን በድለሽው ነው?» ትለኛለች። ምላሷ እንደ መርፌዋ ነው፤ እየወጋ ይሰፋል። አንድ ቀን ታዲያ «ደረቅ እንጨት እናግኝልሽና በምን እንደምታመካኚ አያለሁ» ብላ ወጣች። የማገዶ ቤቱን ያሠራችው ያቺ ቀልድ ናት።

ከሰዓት በኋላ አናጺውን ይዛ መጣች። «ዘጠኝ» ነው የምንለው። በወጣትነቱ መጋዝ አንድ ጣቱን ወስዶበታል፤ ሰው ሰዓት ሲጠይቀው ሁለት እጁን ዘርግቶ «ዘጠኝ» ይላል፣ ጠዋትም ይሁን ማታ። ሦስተኛው የመጋዘኑ ዘበኛ ነው። እሱን ደግሞ «ማነው» እንለዋለን። ሠላሳ ዓመት በር ላይ «ማነው?» ሲል ኖሮ፣ የገዛ ሚስቱ ከጓዳ ስትወጣ እንኳ «ማነው?» ይላታል። ሦስቱም የባለቤቴ ወዳጆች ነበሩ። ከቀብሩ በኋላ በሬን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ እነሱ አልራቁኝም ነበር። ሲመጡ ማንም «ለምን ጠፋሽ?» አላለኝም። ዘጠኝ የወደቀውን ጣሪያ በእግሩ ገፋ አድርጎ «ይሄ የታመመ አይደለም፣ የሞተ ነው፤ ከአዲስ እንጀምራለን» አለ።

ከአዲስ ይበል እንጂ አዲስ ነገር አንድም አልገባበትም። ዘበኛው ከመጋዘኑ የተጣለ፣ ዕቃ ይደረደርበት የነበረ የእንጨት ርብራብ በጋሪ እየገፋ አመላለሰ። ልብስ ሰፊዋ ድሮ ትሠራበት የነበረው የስፌት ቤት ሲፈርስ ቆርቆሮው መንገድ ዳር ተከምሮ አይታ፣ አፍራሾቹን «ሃያ ዓመት ከሥሩ የተቀመጥኩበት ጣሪያ ነው፤ ከእናንተ ይልቅ እኔን ያውቀኛል» ብላ ሞግታ አስጫነችው። ቋሚዎቹ ከጥቅም የወጡ የስልክ ምሰሶዎች ናቸው። ሚስማር እንግዛ ስል ዘጠኝ ተቆጣ። ከርብራቡ የነቀለውን የጎበጠ ሚስማር በጣሳ ሞልቶ አቀበለኝና «ያንቺ ሥራ ይሄ ነው» አለኝ።

እኔም ሳምንት ሙሉ ሚስማር ሳቃና ሰነበትኩ። ድንጋይ ላይ አጋድሜ፣ ጉብታውን ወደ ላይ አድርጌ፣ በመዶሻ ቀስ እያልኩ መታ መታ። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ጣቴ አበጠ። ዘጠኝ አይቶ «ተጠንቀቂ፤ ስምንት የምትባል ጓደኛ አልፈልግም» አለኝ። ከባለቤቴ ቀብር ወዲህ ድምፅ አውጥቼ ስስቅ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ የያዘችውን ጣውላ አስቀምጣ አየችኝ። ዘጠኝ ካቃናሁት አንዱን አንስቶ ለብርሃን ያዘና «የተቃና ሚስማር እንደ አዲሱ አይሆንም። ስትመቺው ድሮ የጎበጠበትን አስታውሺ፤ ምንጊዜም በዚያው በኩል መጉበጥ ይወዳል» አለኝ። እኔ ወዴት መጉበጥ እንደምወድ አውቃለሁና ሌላ ሚስማር አነሳሁ።

ወለሉን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ በድንጋይ ላይ አሳረፈው፣ እርጥበት ከሥር እንዳይስብ። የጎንና የጎኑን ግድግዳ ሲመታ ደግሞ በጣውላው መሐል ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት እየተወ ነው። እንጨት ያጠረው መስሎኝ «ይህ ሁሉ ቀዳዳ ዝናብ አያስገባም ወይ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ዝናብን የሚከለክለው ጣሪያው ነው። ጎኑ እንዲተነፍስ ነው የምተወው። የታፈነ እንጨት ከላይ ደረቅ ይመስልሻል፤ ከውስጥ ይሻግታል» አለኝ። ስለ እንጨት ነው የተናገረው። እኔ ግን መዶሻዬን አስቀምጬ፣ ውሃ ልጠጣ ብዬ ገባሁና ቶሎ አልወጣሁም።

የቀረው የጀርባው ግድግዳ ነበር። በዚያ በኩል ዝናቡ በነፋስ እየተገፋ ስለሚመታ ክፍተት የሌለው ሰፊ ጣውላ ያስፈልገዋል። ሦስት ቀን ፈልገው አጡ። በአራተኛው ቀን ዘጠኝ ውሃ ሊጠጣ ገብቶ የእማዬን ቁምሳጥን አየው። ታስታውሺዋለሽ፣ ያ ከባዱ፣ ሲከፈት እንደ ድመት የሚጮኸው። ከቀብሯ በኋላ «አንቺ ውሰጂው፣ እኔ አልፈልገውም» ያልሽኝ። አንድ እግሩ ተሰብሮ በጡብ ደግፌዋለሁ፤ ውስጡ ያለው ሦስት አሮጌ ቀሚስና ከሥር የተጣጠፈ አንድ ጨርቅ ነው። ዘጠኝ ጀርባውን በጣቱ አንኳኳና «ድርብ ነው፤ የድሮ ሰው ሥራ። ይህን የመሰለ ደረቅ ጣውላ ቤትሽ አስቀምጠሽ እኛን ቆሻሻ ለቆሻሻ ታዞሪናለሽ?» አለኝ። አይነካም አልኩት። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፣ «እሺ፣ እሺ» ብሎ ብርጭቆውን እንኳ ሳይጨርስ ወጣ።

እታለም፣ በዚያ ድርብ ጣውላ መሐል ምን እንዳለ አውቅ ነበር። ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ አውቅ ነበር።

እማዬ እኔን ፊደል ለማስቆጠር የስንቱን ሰው ልብስ እንዳጠበች አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ደግሞ ፊደሉን የያዝኩት እንደ ዘፈን ነው። ከሀ እስከ ፐ ዓይኔን ጨፍኜ አወርደዋለሁ። መሐል ላይ ጣት ተደርጎ «ይህቺ ማናት?» ስባል ግን ከመጀመሪያው ተነስቼ ካልዘፈንኩ አላውቃትም። መምህሩ የሚሰማው ዜማዬን ነበር፤ እማዬም እንደዚያው። በዓይኔ ለይቼ የማውቃቸው ቃላት «እማዬ»ን ጨምሮ አንቺ ያሳየሽኝ ብቻ ናቸው። ከሰል ይዘሽ ማድቤቱ ግድግዳ ላይ ከሱቅ የሚመጣውን ትጽፊ ነበር፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ክር። ካልተቻለ ከጎኑ «ይቅር» ብለሽ ትጨምሪበታለሽ። ሳሙና ይቅር። ክር ይቅር። በዚያ ግድግዳ ላይ ከሁሉ የበዛችው ቃል እሷ ስለሆነች እሷን ለመድኳት። ይቅር ማለት ለእኔ አይምጣ፣ አያስፈልግም ማለት ነበር። ሌላ ፊት እንዳላት አላውቅም ነበር።

ከመካኒኩ ባልሽ ጋር ከሄድሽ ዓመት ሊሞላሽ ነበር። በሄድሽ ቀን እማዬ «ከእንግዲህ ያለችኝ አንድ ልጅ ናት» ስትል እኔም ሰምቻለሁ፤ አንቺም እንደደረሰሽ አውቃለሁ። ቁጣዋ ግን ወር አልሞላም። ለራት ሦስት ሳህን አውጥታ አንዱን መልሳ ስትሰቅል ስንቴ አይቻታለሁ። ደብዳቤሽን ይዞ የመጣው ያን ጊዜ የነበረው ሹፌር በቃሉ «ልትወልድ ደርሳለች» ብሎ ሲነግራት፣ ወረቀቱ ገና ሳይከፈት ጓዟን መሸከፍ ጀመረች። አረንጓዴ ቀሚሷን፣ ያቺን ለክት የምታስቀምጣትን፣ በመቀስ ሰንጥቃ የሕፃን መጠቅለያ ልትሠራ ጠርዙን ትዘመዝም ያዘች። መርፌዋን ሳታቆም «በይ አንባቢዬ፣ መቼ ነይ ትላለች?» አለችኝ።

ወረቀቱን ዘረጋሁት። የጉንዳን ሰልፍ ነው የመሰለኝ። አልችልም እንዳልል የታጠበው የሰው ልብስ ሁሉ ፊቴ ላይ ተሰጣ። ሌላ ሰው ያንብበው እንዳልል እማዬ የቤቷን ጉድ ለጎረቤት መስጠት አትወድም። ዓይኔ ሲንከራተት ከላይ «እማዬ» የምትለውን አገኘኋት። አጠገቧ «ይቅር»። ወረድ ብሎ እንደገና «ይቅር»። ወደ መጨረሻው ደግሞ «ይቅር»። ደስ አለኝ፣ እታለም፤ ያነበብኩ መሰለኝ። «ይቅር ትላለች» አልኳት። «ደህና ነኝ፣ መምጣትሽ ግን ይቅር ትላለች።»

መርፌዋ ቆመ። ቀና ብላ አላየችኝም። «ካለችስ ይቅር» አለች። ክሩን እንኳ ሳትበጥስ ጨርቁን አጠፈችና ቁምሳጥኑ ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ የሸከፈችውን ጓዝ ፈትታ፣ እያንዳንዱን ዕቃ ወደነበረበት መለሰችው፤ ጨው ከጨው ቦታ፣ ሳሙናው ከሳሙና ቦታ።

ከሳምንት በኋላ «እስቲ ድገሚልኝ» አለችኝ። ደገምኩላት። «ባለፈው እኮ ‘ደህና ነኝ’ የሚለው ኋላ አልነበረም» አለች፤ ክፉ አስባ ሳይሆን ቃልሽን በልቧ ይዛው ስለነበር ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ስለ ሆዷ ምንም አትልም? እግሯ አላበጠም?» አለችኝ። እግርሽ አላበጠም ብዬ አነበብኩላት። ለሦስተኛ ጊዜ ስታስደግመኝ ግን ያልኩት ተምታታብኝና ወረቀቱን አጠፍኩት። በማግስቱ ልብስ አጠባ ስትሄድ ወረቀቱን ከቁምሳጥኑ ውስጥ በኩል ባለው ስንጥቅ ሰደድኩት፤ በሁለቱ ጣውላ መሐል ወርዶ ቀረ። አይጥ በላው አልኳት። «ይብላው፣ ምን ይሠራልኛል» አለች። አመሻሽ ላይ ግን በጉልበቷ ተንበርክካ የአይጥ ጉድጓድ በእንጨት ስትቆፍር አገኘኋት። ቁራጩ እንኳ ቢተርፍ ብላ ነው።

ሕፃኑ እንዳልተረፈና ብቻሽን በር ዘግተሽ እንደወለድሽ ያው ሹፌር ነገረን። እማዬ «እኔን አልፈለገችኝም፤ ምን ላድርግ?» አለች፣ ሁለተኛ አልተናገረችም። እሷ ልጄ አልፈለገችኝም ብላ፣ አንቺ እናቴ አልማረችኝም ብለሽ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ተለያይታችሁ ቀራችሁ። መሐላችሁ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ለቀብሯ መጥተሽ ግድግዳ ተደግፈሽ ቁጭ ባልሽበት «ይቅር ሳትለኝ ሞተች» ስትዪ ሰማሁሽ። የዚያች «ይቅር» የምትል ቃል ሌላ ፊት የታየኝ ያን ጊዜ ነው። ሠላሳ ዓመቴ ነበር። ልነግርሽ አፌን ከፈትኩ። ለቅሶ ደራሽ ገባና መልሼ ዘጋሁት። ሰው በገባ ቁጥር መዝጋቱን ለመድኩት፤ ሰው ሲወጣም መክፈቱን ረሳሁት።

ከዚያ ወዲያ ነው ማንበብ የተማርኩት። አስተማሪ አልነበረኝም። ከሳሙና ልባስ፣ ከመድኃኒት ብልቃጥ፣ ባለሱቁ ዕቃ ከሚጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ እየለቀምኩ አራት ዓመት ፈጀብኝ። ባለቤቴ «ዓይንሽን ታጠፊዋለሽ፣ ምን የሚያጣድፍሽ ነገር አለ?» ይለኝ ነበር። ኋላም መጽሐፍ ያነበብኩትን ያህል በዚህ ሰፈር ያነበበ የለም፤ ጎረቤት የሐኪም ወረቀትና የቀበሌ ማስታወቂያ ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። ቁምሳጥኑ ግን ከአልጋዬ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። ማንበብ ከቻልኩ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት አልነካሁትም። ሳላነበው እስከኖርኩ ድረስ፣ ምናልባት በእርግጥ «አትምጪ፣ ይቅር» ይል ይሆናል፣ ምናልባት አልዋሸሁም ይሆናል እያልኩ ማደር እችል ነበር። በዚያች ምናልባት ነው የኖርኩት።

ዘጠኝ ጣውላውን አንኳኩቶ በወጣ ማግስት ጠዋት ዶፍ ወረደ። በመስኮት ሳይ ሦስቱ ወዳጆቼ ጀርባ የሌለው የማገዶ ቤት ውስጥ ቆመው፣ ከረጢትና አሮጌ ምንጣፍ በእጃቸው ዘርግተው እንጨቴን ከዝናብ ይከላከላሉ። ልብስ ሰፊዋ በገዛ ጀርባዋ ቀዳዳውን ደፍና ቆማለች፤ ውሃው በአንገቷ ይገባል። ይህ ሁሉ ለእኔ እንጨት ነው። ወጥቼ «ቁምሳጥኑን አፍርሱት» አልኳቸው። ዘጠኝ አየኝና «አንቺ እያለቀስሽ አላፈርስም» አለ። «ጭሱ ነው» አልኩት። ያን ቀን እሳት የሚባል አልነደደም ነበር። ማናቸውም አላረሙኝም።

ዝናቡ ሲያባራ ወደ ጓሮ አወጡት። ሚስማር መንቀያው ሲገባ እንጨቱ እንደ ሽማግሌ አቃሰተ። የመጀመሪያው ጣውላ ተነሳ፣ ሁለተኛው ሲነሳ ወረቀቱ ተንሸራቶ እርጥቡ መሬት ላይ ወደቀ። ዘበኛው ከልማዱ «ማነው?» አለ። ልብስ ሰፊዋ አነሳችው፤ እሷ ማንበብ አትችልም፤ በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠችኝ። ፊቴን አየችና ወደ ሁለቱ ዞራ «ምን ገትሯችኋል፣ ጣውላውን ተሸከሙ እንጂ» ብላ ይዛቸው ሄደች።

የማገዶ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ቀትር ነበር፤ ብርሃኑ በጣውላዎቹ ክፍተት እየገባ ወረቀቱ ላይ መስመር መስመር ይሠራል። እንዲህ ይላል፦

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ። ሳላስፈቅድሽ የሄድኩት ንቄሽ አይደለም፤ አትፈቅጂልኝም ብዬ ፈርቼ ነው። ልወልድ ወር ከአሥራ አምስት ቀን ቀርቶኛል። ባሌ ለሥራ ሩቅ ሄዷል፣ እዚህ የማውቀው ሰው የለም፤ እፈራለሁ። ይቅር ካልሽኝ ነይልኝ። በየቅዳሜው መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ይቅር ካላልሽኝም አትድከሚ፣ ዝም በይ፤ ዝምታሽ ይገባኛል፣ ሁለተኛም አላስቸግርሽም።»

ሦስቱም እዚያው ነበሩ፣ ልክ እንዳየኋቸው። ይቅር በይኝ። ይቅር ካልሽኝ። ይቅር ካላልሽኝ። አጠገባቸው ያለውን ቃል ብቻ ነው ያጣሁት።

ወር ከአሥራ አምስት ቀን ስድስት ቅዳሜ አለው። ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ። ስድስት ቅዳሜ ያንን ሆድ ይዘሽ መናኸሪያ በር ላይ ቆመሻል። ከመኪና የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት አይተሻል። እማዬ ደግሞ በእነዚያው ቅዳሜዎች ደጃፉ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ስታይ ትውል ነበር፤ እኔ አጠገቧ ሆኜ ፈትል አጠነጥናለሁ።

ከግርጌው፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ ለእኔ የጻፍሽውም አለ። አንቺ ረስተሽው ይሆናል። «አንቺ ትንሿ፣ አንባቢ ሆነሻል አሉኝ፣ ኮራሁብሽ። ቀስ ብለሽ አንብቢላት። ስታለቅስ አቁሚ፣ ስትጨርስ ቀጥዪ። አንድም ቃል እንዳትዘዪ።»

እዚያ ወለል ላይ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ጓደኞቼ መጥተው በዙሪያዬ ጣውላ መምታት ጀመሩ፤ ተነሺ ያለኝ የለም። ዘጠኝ በእኔ ላይ እያሳለፈ ነው የለካው። የጀርባው ግድግዳ በእማዬ ቁምሳጥን ጀርባ ተዘጋ፤ ባቃናኋቸው ሚስማሮች ነው የተመታው፣ አንዱም አልጎበጠም። የቁምሳጥኑን መዝጊያ ደግሞ ለማገዶ ቤቱ በር አደረገው። እስከ ዛሬ ሲከፈት እንደ ድመት ይጮኻል። ምን እንዳነበብኩ አልነገርኳቸውም፤ ቀድመሽ መስማት ያለብሽ አንቺ ነሽ። ትናንት እንጨቱን ደርድረን ጨረስን፣ ከደረቀው አንድ ክንድ አስገብቼ እሳት አነደድኩ። ምንም አልጨሰም። ልብስ ሰፊዋ ገብታ ፊቴን አየች፣ ምድጃውን አየች፣ ልትናገር አፏን ከፍታ ተወችው። አጠገቤ ተቀመጠች። ዝም ማለትም ትችላለች ለካ።

እታለም፣ አሁን የምልሽን ለማለት እጄ ፈራ፤ ያቺን ቃል አንዴ አበላሽቼብሻለሁና መልሼ ለራሴ ልጠይቅባት አልደፍርም። ብትቆጪ ይገባኛል። በዚህ ዕድሜዬ ስድስት ቅዳሜ ቀርቶ ስድስት ዓመት በር ላይ ብታቆሚኝ እቆማለሁ። ግን የእኔን ለብቻው አስቀምጪውና የእማዬን ተቀበዪ። ከደብዳቤው ጋር ያ ጨርቅ አለ። ዓይንሽ ባያየውም በጣትሽ ዳብሺው። አረንጓዴ ቀሚሷ ነው፤ ስታቅፍሽ ፊትሽን የምትቀብሪበት። ሦስቱ ጠርዝ ተዘምዝሟል። አራተኛው መሐል ላይ ይቆማል፤ ክሩ ተንጠልጥሏል። መርፌዋ ዝገት ይዟት እዚያው ተሰክታ ነበር፤ እንዳትወጋሽ አውጥቻታለሁ፣ ክሩን ግን አልነካሁትም። ያቆመችው «ይቅር ትላለች» ያልኳት ቅጽበት ነው። ደብዳቤሽ ሳይነበብ፣ ይቅር በይኝ ሳትያት ነው ይቅር ብላሽ ልትመጣ ስትሰፋ የነበረው።

ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ እጁ ዘይት እንደሸተተ ነው ወይስ ጡረታው አጠበው? ለልጅሽ ባል ሰላም በዪልኝ፤ አይቼው ባላውቅም አንቺን ደረጃ ደግፎ እንደሚያወጣሽ ሰምቻለሁና ጉልበቱ ይባረክ። የልጅ ልጆችሽን፣ መንትዮቹን፣ በየግንባራቸው ሳሚልኝ፤ ሁለቱንም እኩል፣ እንዳይጣሉ። ግቢያችሁ ውስጥ ላለችው ለዚያች፣ ብቻሽን በወለድሽ ቀን ጩኸትሽን ሰምታ ዘግይታም ቢሆን በሩን ለሰበረችው ጎረቤትሽ፣ በሕይወት ካለች፣ ጉልበቷን ስሜያለሁ በያት። ልብስ ሰፊዋ፣ ዘጠኝና ማነው ሰላም ይሉሻል፤ ለማን እንደምጽፍ ሲጠይቁኝ «ለታላቄ» ብያቸዋለሁ።

አንቺ የእህቴ ልጅ፣ ይህን በድምፅሽ የምታሰሚያት፣ ከአንቺ በፊት ወንድም እንደነበረሽ ሳታውቂ ኖረሽ ከሆነ ከእኔ ወረቀት በመስማትሽ አዝናለሁ። እዚህ ከደረስሽ አልዘለልሽም ማለት ነው። ስታለቅስ አቁሚ፣ ስትጨርስ ቀጥዪ። ድገሚልኝ ካለችሽም ልክ እንደዚሁ ድገሚላት።

ከማገዶ ቤቱ ደጃፍ፣ እንጨቱ ተደርድሮ ባለቀ ማግስት፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ ተጻፈ።

ይህ ወረቀት፣ አሮጌው ደብዳቤና ጨርቁ በሹፌሩ እጅ ይላካሉ። ተቀባይዋ ስድስት ቅዳሜ መናኸሪያ በር ላይ የቆመችው እህቴ ናት፤ አንባቢዋ ልጇ።